አውራጅ ያለ ተቀባይ

ዘፈን በአገራችን ተቀባይ ይሻል። በቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትን ልጆች የተመለከተ ሁሉ ይህን ያውቃል። አውራጁ ስንኙን ይወረውራል፤ ጓደኞቹ በዱላቸው መሬቱን እየደለቁ ይቀበሉታል። በዳባትና በደባርቅ ገጠር የገብስ አጨዳ ሲደርስም ነገሩ ያው ነው። ደቦው ማጭዱን ይዞ ሲሰለፍ አንዱ ያወርዳል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ወገብ የሚቆርጠው ሥራም በዜማው ላይ ተሳፍሮ ያልቃል። ተቀባይ ያጣ አውራጅ ግን አንድም ያፍራል፥ አንድም ዝም ይላል። ሰው ብቻውን ሆኖ የሚያሰማው ዜማ በቋንቋችን ሌላ ስም አለው፤ እንጉርጉሮ እንለዋለን። እንጉርጉሮ የእረኛው ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ያጎነበሰችው እናት ነው፤ እርፍ ጨብጦ ከበሬው ጋር የሚነጋገረው የአራሹ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ዕድሜውን በባንድ፥ ማለትም በተቀባዮች መካከል ያሳለፈ ሙዚቀኛ ከባንዱ ተለይቶ ለብቻው አልበም ሲሠራ፥ ያ ሥራ ከየትኛው ወገን ይመደባል? ተቀባዮቹን ያጣ ዘፈን ነው? እንጉርጉሮ ነው? ወይስ ሌላ ስም ይፈለግለት? ጥያቄው የሙዚቀኞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ መካከል ብዙዎች የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ከዚህ ግቢ ይወጣሉ። አንዱ ወደ ጎንደር፥ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፥ ዕድል የገፋችው ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ያደግነው በደቦ ነው፤ የምንሄደው ግን አንድ በአንድ ነው።

ምሳሌ አድርገን የመረጥነው አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 የሠሩትን ካሴት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን።) አቶ ኃይሉ በድምፃቸው የታወቁ ዘፋኝ አይደሉም፤ የቁልፍ መሣሪያ ተጫዋች፥ ደራሲና አቀናባሪ ናቸው። ከባንድ ወጥቶ ለብቻ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ግን ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ የምናገኝ አይመስለንም።

የስሜን ሰዎች ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለንም፤ ባንዱ ስሙን የወሰደው ከእኛው ገደል ነውና። ዋልያስ ባንድ! ዋልያ በዱር የሚኖረው በስሜን ተራራዎች ብቻ ነው፤ ከዚህ ውጭ በዓለም ላይ አገር የለውም። በዚያው ዘመን አይቤክስ የተባለ ሌላ ባንድ ነበር፤ ያም የዚሁ የተራራ ፍየል ዘመድ ስም ነው። ሁለቱ ታላላቅ የአዲስ አበባ ባንዶች ለስማቸው ወደ ተራራ ማንጋጠጣቸው ለእኛ ትንሽ ኩራት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እውነተኛው ዋልያ ከስሜን ወጥቶ አይሄድም፤ ዋልያስ ባንድ ግን አትላንቲክን ተሻገረ።

አቶ ኃይሉ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን መጫወትን ራሳቸውን አስተማሩ። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው ብርቅ አልነበረም። የትያትር ቤት ኦርኬስትራዎች ይጠቀሙበት ነበር፤ የአገር ቤት ዜማም በርሱ ሲጫወቱት ያምራል። ወናፉ እንደ ሰው ሳንባ አየር ይስባል፥ አየር ይተፋል፤ ስለዚህ ከቁልፍ መሣሪያዎች ሁሉ ይልቅ ለሰው ድምፅ የቀረበ ይመስለናል። በኋላ ኦርጋን መጣ፥ ኤሌክትሪክ ፒያኖ መጣ፤ አኮርዲዮን እየተገፋ ከመድረክ ወረደ። አቶ ኃይሉም ወደ ኦርጋኑ ዞሩ።

በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ መሪ ሆነው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተዋል። ከጓደኞቻቸው መካከል ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፥ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፥ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፥ ተማረ ሐረጉ ድራም ይመቱ ነበር። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ሰዓት እላፊ ስለ ታወጀ ወደ ሆቴሉ ለጭፈራ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ዘፈን ከመታተሙ በፊት ግጥሙ በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ግን ሳንሱሩ ቀይ እርሳስ የሚያሳርፍበት ስንኝ የለውም። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላቸው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ሥራም የሚገኘው በርሱ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1978፥ የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ተራራውም ባንዱም በአንድ ሰሞን ስማቸው ከአገር ወጣ ማለት ነው።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። የሚያዳምጧቸው አብዛኞቹ እዚያ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት የተወሰኑት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የተወሰኑት፥ አቶ ኃይሉም ጭምር፥ በዋሽንግተን ቀሩ። ባንዱ በጠብ የተበተነ አይደለም፤ ማዕበል እንደ መታው ጀልባ ለሁለት ተከፈለ እንጂ። የቀሩት ዙላ ባንድ የተባለ ቡድን አቋቁመው ተጫውተዋል። የሂልተኑ ዋልያስ ግን፥ ያ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወተው ጉባኤ፥ ከዚያ ወዲያ አልነበረም።

አሁን ወደ ካሴቱ እንምጣ። በ1985 አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ብቻቸውን ገቡ። ይዘው የገቡት በልጅነት የተማሩትን አኮርዲዮን ነው። ከርሱ ጋር ሮድስ የተባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ፥ ሙግ ሲንተሳይዘርንና በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7ን ተጫወቱ፤ ድራም የሚመታ ሰው ስላልነበረ በማሽን ተኩ። አሠራሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሙዚቀኛው አንዱን ድርሻ ይቀርጻል፤ ያንን በጆሮው እያዳመጠ ሁለተኛውን ይደርብበታል፤ ሁለቱን እያዳመጠ ሦስተኛውን ይጨምራል። ማለትም ራሱ አውርዶ ራሱ ይቀበላል።

የካሴቱ ስም «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱ «ሸሞንሟናዬ» ነው። በሌሎቹም መካከል «አምባሰል» አለ፥ «ሽለላ» አለ። አብዛኛው ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ዜማ ነው።

እዚህ ላይ የሌላውን ዓለም ነገር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1970 ሲበተን ፖል ማካርትኒም በራሱ ስም ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ መሣሪያዎቹን ለብቻው ተጫውቷል፤ ብዙውንም የቀረጸው በቤቱ ውስጥ ነው። አሠራሩ አንድ ነው፤ ሁኔታው ግን ለየቅል ነው። እንግሊዛዊው ባንዱን እንጂ አገሩን አልለቀቀም፤ ከደጁ ወጣ ቢል አድማጩ እዚያው ነው። አቶ ኃይሉ ግን የተለዩት ከባንዱም፥ ከአገሩም፥ ከአድማጩም ነው።

ይህን ካሴት በደባርቅ ብርድ፥ በመኝታ ክፍላችን፥ ብርድ ልብስ ተከናንበን ከአንዲት ስልክ ስድስት ሆነን ስናዳምጥ ከዳባት ገጠር የመጣ ጓደኛችን «ሽለላ» የሚለው ሥራ ላይ ሲደርስ፥ «ለመሆኑ የሚሸልለው ለማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ሌላው ፈጥኖ፥ «ለራሱ ነዋ!» አለው። የመጀመሪያው ግን አልተዋጠለትም። «ሰው ለራሱ ይሸልላል እንዴ?» አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ።

የጓደኛችን ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሽለላ በእኛ አገር ተመልካች ይፈልጋል። ሽላዩ ብድግ ይላል፥ ጉባኤው ያጅበዋል፤ የሚሰማው ጠላት ወይም የሚኮራበት ወገን ከሌለ ሽለላው ከሽለላነት ይወርዳል። ከዚህም በላይ ለእኛ ሽለላ የመድረክ ጌጥ ብቻ አይደለም። በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፥ ደባርቅም ተፈናቃዮችን ባስጠጋች ጊዜ፥ ሽለላ ምን እንደሚቀሰቅስ ያየን ነን። ከሽለላው በኋላ የሚመጣውን ልቅሶም ሰምተናል። ስለዚህ ጓደኛችን ሽለላን በአኮርዲዮን፥ ያለ ቃል፥ ከአገር ርቆ በተቀመጠ ሰው እጅ ሲሰማው ግራ መጋባቱ አያስገርምም።

እኛ እንደሚመስለን ግን መልሱ ያለው እዚያው ግራ መጋባት ውስጥ ነው። ቃሉ ሲወጣ ዛቻው አብሮ ይወጣል። የሚወጋው ጠላት ስም የለም፤ የሚወደሰው ጀግና ስም የለም። የሚቀረው ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም ደረት ውስጥ የሚሰማው ነገር ብቻ ነው፤ ያም «እኔ የእገሌ አገር ሰው ነኝ» የሚል ስሜት ነው። በሰው አገር ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ይህን ለራሱ መንገር ከንቱ ፉከራ አይደለም። ሳይረሳ የሚቆይበት መንገድ ነው። ሽለላው ወደ እንጉርጉሮ ተለወጠ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

በግቢያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ግን ሌላ ብርቱ ተቃውሞ ሰምተናል፤ ሳንጠቅሰው ብናልፍ አድልዎ ይሆናል። ተቃውሞው እንዲህ ነው። «ባንድን የገደለው ይኸው አሠራር ነው። ዛሬ በከተሞቻችን ሠርግ ሲደገስ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከአንድ ዘፋኝ ጋር ይመጣል፤ ድራሙም፥ ቤዙም፥ ትራምፔቱም ከሣጥኑ ይወጣል። የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ ወጣት ከየት ይምጣ? መንገዱን የከፈቱት እንደነዚህ ያሉ ካሴቶች አይደሉምን?»

ተቃውሞው የተነሣው ከፍቅር ስለሆነ እናከብረዋለን። ምክንያቱን ግን ወደ ኋላ ሄደን እንመርምር። የምሽት ክበቡን ያዳከመው ለዓመታት የዘለቀው ሰዓት እላፊ ነው። ሸክላ ማተም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆም ካሴት ቦታውን ያዘ፤ ካሴት ደግሞ በርካሽ የሚሠራና በርካሽ የሚገለበጥ ነው። ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ ለሰባትና ለስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ ሰው መክፈል የሚቀለው ደጋሽ በዛ። በዚህ ሁሉ ላይ የአንድ ስደተኛ ካሴት ያለው ጥፋት ከሚዛን የሚገባ አይደለም።

ልዩነቱንም ጆሮ ይለየዋል። የሠርጉ ኪቦርድ የሌለውን ባንድ እንዳለ አድርጎ ያስመስላል፤ በትራምፔት ድምፅ ትራምፔት ነፊውን ይተካዋል። የ1985ቱ ካሴት ግን አያስመስልም። የማሽኑ ከበሮ ማሽን መሆኑን አይደብቅም፤ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይሄዳል። አኮርዲዮኑ ደግሞ ከላዩ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎኑ ይሞላው የነበረው ቦታ ባዶ መሆኑ ይሰማል። ባዶነቱ መሰማቱ ነው ካሴቱን እውነተኛ ያደረገው። አቶ ኃይሉ ጓደኞቻቸውን በማሽን አልተኩም፤ አለመኖራቸውን አሰሙን እንጂ።

ደግሞም አንድ ነገር እናስተውል። ሰው ብቻውን አራት መሣሪያ ደራርቦ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በድንገት አይደለም። በባንዱ ውስጥ ሳሉ መሪና አቀናባሪ ነበሩ። አቀናባሪ ማለት የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን ቤዙ የት እንደሚገባ፥ ድራሙ የት እንደሚያርፍ፥ ነሐሱ መቼ ዝም እንደሚል የሚያውቅ ሰው ነው። በሂልተን እስኪነጋ በተጫወቱባቸው ሌሊቶች የሁሉንም ድርሻ አዳምጠዋል። ብቻቸውን ወደዚያች ስቱዲዮ ሲገቡ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ጆሯቸው ግን ሙሉ ነበር። የራሱን ቁልፍ ብቻ ሲደበድብ የኖረ ሰው ከባንዱ በተለየ ማግሥት ምን ይጫወታል? የራሱን ግማሽ ዜማ!

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። አቶ ኃይሉ በ1990ዎቹ መድረኩን ተዉ፤ በዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዱ። ይህን የሰሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። እኛ ግን ታክሲ መንዳት የሚያሳፍር ሥራ ስላልሆነ ከንፈር አንመጥም። የሚደንቀን ሌላ ነገር ነው። በመኪናቸው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይይዙ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ድረስ ተሰልፈው ሲጠብቁ ከኋላ ወንበር ሆነው ይለማመዱ ነበር። የሚከፍላቸው የለም፤ የሚያጨበጭብላቸው የለም። እዚያም ያው እንጉርጉሮ ነው።

ካሴቱ ግን በዚህ መካከል የራሱን መንገድ ሄደ። በአገር ቤት ተሸጠ፥ ተደመጠ፥ ከዚያም አቧራ ለበሰ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ አንዱን ቅጂ ባሕር ዳር ከተማ አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ አቶ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተመልሰው ወጡ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፥ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። በ«ላላ በሉ» ላይ ብቻቸውን አይደሉም፤ ቤዝና ድራም የሚጫወቱ ሰዎች ከአጠገባቸው አሉ። አውራጁ ከ1985 እስከ 2013፥ 28 ዓመት ጠብቆ ተቀባይ አገኘ።

በዚህ ደስ ይለናል፤ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረናል። ካሴቱ የተገኘው በባሕር ዳር ነው። ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም! በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ቁም ሣጥን ውስጥም ስንት እንዲህ ያለ ካሴት ተቆልፎበት ይሆን? አንሥቶ አቧራውን ያራገፈው እንግዳ መሆኑ እንግዳውን የሚያስመሰግን ነው፤ የአገሩን ልጅ ግን የሚያስጠይቅ ነው። ስለ ሄዱት ሰዎች ስናወራ ዘወትር የምንጠይቀው «አገራቸውን ረሱ ወይስ አልረሱም?» እያልን ነው። የቀረነውስ? ከባሕር ማዶ ዜማ የሚልክልንን ሰው ተቀብለነዋል ወይ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፥ የብቻ አልበም እንጉርጉሮ ነው ብለን ብቻ ልንተወው አንችልም። እንጉርጉሮ ተቀባይ አይጠብቅም፤ ይህ ካሴት ግን ተቀርጾ፥ ተባዝቶ፥ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገሩ ተልኳል። እንግዲህ ተቀባዮቹ ሩቅ ያሉበት ዘፈን ብንለው ይሻላል። አውራጁ ስንኙን ወርውሯል፤ «ሆ» የሚለው ድምፅ እስኪመለስ ድረስ ግን ዓመታት ያልፋሉ፤ አንዳንዴም ሳይመለስ ይቀራል።

ከዚህ ለእኛ ለተማሪዎች ሁለት ነገር ይተርፈናል። የመጀመሪያው ለሚሄዱት ነው። ከደቦው ከመለየታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን ድርሻ አዳምጡ። በኪነት ቡድኑ ማሲንቆ የምትመታ እኅታችን የከበሮውን አመታት ትወቅ፤ ታሪክ የሚያጠና ወንድማችን የአባቱን የገብስ ዘር ምርጫ ጠይቆ ይረዳ። ብቻውን የቆመ ሰው ስንቁ ይኸው ነውና። ሁለተኛው ለምንቀረው ነው። ቤታችን ስንገባ የተቆለፉትን ካሴቶች እናውጣ፤ የማን እንደሆኑ፥ መቼ እንደ ተገዙ፥ በማን ሠርግ ላይ እንደ ተደመጡ ታላላቆቻችንን እንጠይቅና እንጻፍ። ማኅበራችን አንድ መደርደሪያ ቢሰጠን ለመጀመር በቂ ነው። ማጫወቻ ያለው ደግሞ ይዞ ይምጣ፤ ቴፑ ሳይበጣጠስ እንድረስበት።